በቀለም ሥር ያለው ብረት፦ አሮጌ የስፖርት አውቶሞቢል በቤት ስለ ማደስ

ያገለገለ የስፖርት አውቶሞቢል ገዝቶ፣ በቤት አጠገብ ባለች ጠባብ ጋራዥ ውስጥ በገዛ እጅ አድሶ፣ አንድ ቀን ጣራውን ከፍቶ መንዳት በብዙ ሰው ልብ የሚኖር ምኞት ነው። ምኞቱ የሚያስወቅስ አይደለም፤ እጅን ሥራ ያስተምራል፤ የቅዳሜንም ከሰዓት በኋላ ከከንቱ ወሬ ያድናል። ይሁን እንጂ ብዙዎች ሥራውን የሚጀምሩት ከመጨረሻው ነው። አስቀድመው ስለ ቀለሙ፣ ስለ መቀመጫው ቆዳና ስለ ሞተሩ ጉልበት ያስባሉ። ሰውን ተሸክሞ የሚሄደው ከቀለሙ ሥር ያለው ብረት መሆኑን የሚያስታውሱት ግን ገንዘባቸው ካለቀ በኋላ ነው። ነገሩን በምሳሌ ለማየት እንዲመቸን ኤም ጂ ቢ የሚባለውን የእንግሊዝ አውቶሞቢል እንውሰድ።

ከኦክስፎርድ በስተደቡብ ጥቂት ራቅ ብላ አቢንግደን የምትባል ከተማ አለች። ኤም ጂ ቢ ከ1962 እስከ 1980 ድረስ በዚያ ይሠራ ነበር፤ ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ኤም ጂ የተባለበትም ምክንያት በኦክስፎርድ ከነበረው ከሞሪስ ጋራጅስ ስም የመጀመሪያዎቹ ፊደሎች ተወስደው ነው። ፋብሪካው በ1980 እስኪዘጋ ድረስ ከግማሽ ሚሊዮን የሚበልጥ ኤም ጂ ቢ ወጣ፤ አብዛኛውም ባሕር ተሻግሮ ወደ አሜሪካ ሄደ። ሞተሩ አራት ሲሊንደር ያለው፣ ይዘቱም 1798 ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው። በመጀመሪያው ዘመን 95 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ በሰዓትም 160 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል። ዛሬ ገበያ የምታደርስ ተራ የቤት አውቶሞቢል ይህን ያህል መሮጥ አያቅታትም። እንግዲህ ሰው ይህን አሮጌ መኪና የሚወድደው ለፍጥነቱ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ኮፈኖውን ከፍቶ ሲመለከት እያንዳንዱን ዕቃ በዐይኑ ለይቶ፣ በእጁ ደርሶበት፣ በተራ መፍቻ ሊፈታው ይችላል። መለወጫ ዕቃውም ከትንሿ ብሎን ጀምሮ እስከ ሙሉው የላሜራ አካል ድረስ ዛሬም አዲስ ይገኛል፤ ሙሉው አካል በጥንቱ የፋብሪካ ማተሚያ እንደገና መሠራት የጀመረው በ1988 ነው።

በእኛ አገር ያሉ የጋራዥ ሠራተኞች ባሌስትራ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቴስታታ የሚሉትን ቃላት ከኢጣሊያኖች ወርሰዋል። አውቶሞቢሉ እንግሊዛዊ ቢሆንም እኛም በለመድነው ቃል መጻፍን መርጠናል።

ኤም ጂ ቢ በጭነት መኪና ላይ እንደምናየው ከሥር ራሱን የቻለ የሻንሲ ብረት የለውም። ወለሉና ከበሮቹ ሥር የሚያልፈው ባዶ የላሜራ ሣጥን በአንድነት ተበይደው ክብደቱን ሁሉ ይሸከማሉ። ይህን ሣጥን እንደ ቤት በር ደፍ ብለን እንጥራው። ደፉ ከውጭ የሚታይ ላሜራ፣ በመካከሉ የቆመ ግድግዳ፣ ከውስጥም ሌላ ላሜራ አለው። ጣራው በሸራ ለሚከፈተው ዓይነት ወገቡ ይኸው ደፍ ነው፤ ከላይ አስሮ የሚይዘው ሌላ ብረት የለምና። በ1965 የወጣው ጂ ቲ የሚባለው ዓይነት ግን የብረት ጣራ ስላለው ይጠነክራል፤ ከኋላም ለትንንሽ ልጆች የምትበቃ መቀመጫ አለችው። ልጆች ያሉት ቤተ ሰብ ይህኛውን ቢመርጥ ሁለት ሰው ብቻ በሚይዘው አውቶሞቢል ምክንያት ከሚመጣው ጠብ ይድናል።

ውሃና ጭቃ በጎማው በኩል እየተረጨ ወደ ደፉ ይገባል። በእንግሊዝ አገር በክረምት በረዶውን ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ደግሞ ይጨመርበታል። ዝገቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሚበላ፣ በቀለሙ ላይ ትንሽ እብጠት በታየ ጊዜ ውስጡ ካለቀ ሰንብቷል። ሻጩ ግን እብጠቱን ፍቆ፣ ቀዳዳውን በስቱኮ ሞልቶ፣ ቀለም ቀብቶ ያቆመዋል። ከዚህ የከፋም አለ። የደፉ ላሜራ ከፊትና ከኋላ በፓራፋንጎዎቹ ሥር ገብቶ ስለሚያልፍ፣ በደንብ ለመለወጥ የፊቱን ፓራፋንጎ መፍታት፣ የኋላውንም ታችኛ ክፍል መቁረጥ ያስፈልጋል። ሥራውን ለማሳጠር የሚፈልግ ሰው ግን በዐይን የሚታየውን ክፍል ብቻ በአዲስ ላሜራ ሸፍኖ፣ ሁለት ጫፎቹን ከበሰበሰ ብረት ጋር በይዶ ይተወዋል። ከውጭ ሲያዩት አዲስ ነው፤ ነገር ግን ምንም አይሸከምም።

ስለዚህ ገዢ ሆኖ የሚሄድ ሰው በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔትና አንድ ካቻቢቴ በኪሱ ይዞ ቢሄድ ይጠቅመዋል። ማግኔቱ በደፉና በፓራፋንጎው ታችኛ ክፍል ላይ ካልያዘ ከቀለሙ ሥር ያለው ስቱኮ ነው። (በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተሠሩት ኮፈኖአቸው አሉሚኒየም ስለ ሆነ በዚያ ላይ ባይይዝ አይደንግጥ።) ምንጣፉን አንሥቶ ወለሉን በካቻቢቴው ይጫን። ከሁሉ ይልቅ ግን በበሩና ከበሩ ኋላ ባለው ላሜራ መካከል ያለውን ክፍተት ይመልከት። ክፍተቱ ከላይ እስከ ታች እኩል መሆን አለበት፤ ከላይ ጠብቦ ከታች ከሰፋ ወገቡ ጎብጧል። አውቶሞቢሉ በክሪክ ሲነሣ በሩ አልከፈት ቢል፣ ወይም ተከፍቶ አልዘጋ ቢል፣ አመስግኖ ወደ ቤቱ ይመለስ።

ይህን ሁሉ አጥብቀን የምንናገርበት ምክንያት አለን። በብሪታንያ ከግንቦት 2018 ጀምሮ፣ ዕድሜው 40 ዓመት ያለፈና ዋና ዋና ክፍሎቹ ያልተለወጡ አውቶሞቢል በየዓመቱ ለምርመራ እንዲቀርብ አይገደድም። የመጨረሻው ኤም ጂ ቢ የወጣው በ1980 ስለ ሆነ ዛሬ ሁሉም ይህን ዕድሜ አልፈዋል። ባለቤቱ ለመንገድ የማይበቃ አውቶሞቢል ቢነዳ በሕግ መጠየቁ አልቀረም፤ ከሥር ገብቶ የሚያየው መርማሪ ግን የለም። ደፉ ተዘግቶ ቀለም ከተቀባ በኋላ በውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቀው የበየደው ሰው ብቻ ነው። ሚስቱንና ልጁን አስቀምጦ በአውራ ጎዳና ላይ የሚሄደውም እርሱው ነው።

እንግዲህ ሥራው ሲጀመር የበሩ ክፍተት በሚሊ ሜትር ተለክቶ በደብተር ይጻፍ። ከዚያ በኋላ አሮጌው ደፍ ሳይቆረጥ፣ በበሩ መግቢያ ከፊት ምሰሶው እስከ ኋላ ምሰሶው ድረስ ጠንካራ የብረት ዘንግ ተበይዶ ይታሰር። ይህን ሳያደርግ የቆረጠ ሰው አካሉ በመካከሉ ይጎብጥበታል፤ አዲሱንም ደፍ እንደ ጎበጠ ይበይድበታል፤ በሩም ከዚያ ወዲያ በቦታው አይገጥምም። ደግሞም አንዱን ጎን ጨርሶ ወደ ሌላው ጎን መሄድ እንጂ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ መቁረጥ አይገባም። ብየዳ የማያውቅ ሰው በዚህ ቦታ ባይማር ይሻላል። በቁራጭ ላሜራ ላይ ብዙ ሳምንት ይለማመድ፤ ወይም ለዚህ ክፍል ብቻ ብልኅ በያጅ ይጥራ።

ስለ አደጋም ጥቂት እንናገር። በክሪክ ብቻ በቆመ አውቶሞቢል ሥር መግባት ሞትን መጋበዝ ነው፤ ክሪክ ለማንሣት እንጂ ለማቆየት አልተሠራም። ካነሡት በኋላ በጠንካራ የብረት እግሮች ላይ ማሳረፍ፣ ወዝውዞም ጽናቱን መፈተን ያስፈልጋል። ብየዳ ከመጀመሩ በፊት ባትሪው ይፈታ፤ የቤንዚኑ ሳልባትዮም ወጥቶ ከጋራዡ ይራቅ፤ ቤንዚኑ ያለቀ ሳልባትዮ በውስጡ በቀረው ትነት ሊፈነዳ ይችላልና። የጥንት የፍሬን ሸራዎች አስቤስቶስ ነበረባቸው፤ ስለዚህ በታምቡሮው ውስጥ የተከማቸውን አቧራ በአፍም በአየር መሣሪያም ማራገፍ አይገባም፤ በርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። በዘመናችን ከማጠንከሪያ ጋር እየተደባለቀ የሚረጨው የአውቶሞቢል ቀለም ደግሞ ሳንባን ክፉኛ ይጎዳል። በቤት ውስጥ መርጨቱን ትቶ ለባለ ሙያ መስጠት ከድካሙ የሚያጎድለው ክብር የለም።

ብረቱ ከጸና በኋላ የሚቀጥለው ፍሬኑ ነው። ኤም ጂ ቢ ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ታምቡሮ አለው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበትን ስለሚስብ ቧንቧዎቹን ከውስጥ ያዝገዋል፤ የጎማ ቱቦዎቹም ከውጭ ደኅና መስለው ከውስጥ ያብጣሉ። እነዚህ ሁሉ ያለ ጥያቄ በአዲስ ይለወጡ። በቀድሞዎቹ ሞዴሎች አራቱም ጎማዎች ፍሬን የሚያገኙት ከአንድ መሥመር ነው፤ አንድ ቱቦ ቢፈነዳ መርገጫው ወለል ይነካል፤ አውቶሞቢሉም አይቆምም። ስለዚህ ለማሻሻል የተመደበ ገንዘብ ካለ፣ በኋለኞቹ ሞዴሎች እንዳለው ባለ ሁለት መሥመር ፍሬን ማስገባት በእኛ አስተያየት ከማናቸውም ማሻሻያ ይቀድማል።

አየሩን ከዘይቱ ውስጥ የማስወጣቱ ሥራ የሁለት ሰው ነው፤ ቤተ ሰቡም ወደ ጋራዡ የሚገባው በዚህ ቀን ነው። ሴት ልጁ መሪው ፊት ተቀምጣለች፤ አባትዮው ከመርገጫው ርቆ ባለው የኋላ ጎማ ሥር ተንበርክኳል፤ ከፍሬኑ የወጣች ቀጭን ቱቦ ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ገብታለች።

«እርገጪ!»

«ረገጥሁ አባባ!»

«እንዳትለቂ!» እርሱ ብሎኗን ሲያላላ በጠርሙሱ ውስጥ አረፋ ይወጣል፤ ብሎኗን ያጠብቃል።

«አሁን ልቀቂ።»

ሳያጠብቅ ከለቀቀች የወጣው አየር ተመልሶ ይገባል። አረፋው እስኪያልቅ ይህ በአራቱም ጎማ ይደጋገማል፤ በመጨረሻም መርገጫው እንደ ሰፍነግ መላላቱን ትቶ እንደ ድንጋይ ይጸናል። ልጅቱም ይህን ለውጥ በእግሯ ታውቀዋለች። ዘይቱ ቀለም ስለሚበላ የፈሰሰው ወዲያው በውሃ ይታጠብ።

ሞተሩ ከሚታማው በላይ ቸር ነው፤ ብዙ ጊዜ ከአካሉ ይልቅ ደኅና ሆኖ ይገኛል። ቴስታታው በወረደ ጊዜ ግን አንድ ነገር አይዘለል። በጥንት ጊዜ በቤንዚን ውስጥ ይጨመር የነበረው እርሳስ የቫልቮላዎቹን መቀመጫ ከመበላት ይጠብቅ ነበር። ብሪታንያ በ1999 መጨረሻ የእርሳሱን ቤንዚን ስላቆመች፣ ዛሬ ጠንካራ የብረት ቀለበት ማስገባት ያስፈልጋል። ከመስከረም 2021 ወዲህ ደግሞ በዚያ አገር የሚሸጠው ተራ ቤንዚን እስከ 10 በመቶ አልኮል ይዟል፤ ይህም አሮጌ የጎማ ቱቦን ያለሰልሳል። በጋለ ሞተር ላይ የሚንጠባጠብ ቤንዚን ምን እንደሚያስከትል ለአንባቢ መንገር አያሻም፤ ቱቦዎቹ አልኮል በሚችሉ ይለወጡ።

የኤሌክትሪኩ ነገር ትዕግሥት ይጠይቃል። እስከ 1967 ድረስ የተሠሩት የባትሪያቸው ፖዘቲቭ ከአካሉ ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ፣ ይህን ሳያውቅ የዘመኑን ሬዲዮ የሚያስር ሰው ሬዲዮውን ያቃጥላል። በፑንቲና ፋንታ ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ፣ በዲናሞ ፋንታ አልተርኔተር ማግባት በትንሽ ወጪ ብዙ ችግር ያስወግዳል። ሌላውን ማሻሻያ ግን በልክ ቢያደርጉት ይሻላል። የፊት አሞርዛተሩን አውጥተው በአዲስ ዓይነት የሚተኩ ብዙዎች ናቸው፤ የጥንቱ ተጠግኖ ዘይቱ ቢሞላ ለመንገድ የሚበቃ ይመስለናል። ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር የሚያስገቡም አሉ። ፋብሪካው ራሱ ከ1973 እስከ 1976 እንዲህ ያለውን ሠርቷልና ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ ነገር ግን ፍሬኑን ሳያጠናክር ጉልበት የሚጨምር ሰው አያድርገን።

ስለ ገንዘቡ እውነቱን እንናገር። ተሟልቶ የታደሰ ኤም ጂ ቢ ብዙ ጊዜ የበላው ገንዘብ ተሸጦ ከሚያወጣው ይበልጣል። ለትርፍ የሚያድስ ሰው ቢኖር ሌላ ንግድ ይፈልግ። ስለ ጊዜውም እንዲሁ ነው፤ «ጾሙ ሳይገባ እጨርሰዋለሁ» ያለው ሰው ሁለት ፋሲካ ያልፈዋል። ባል የቤቱን ወጪ ሳያማክር የጀመረው እንደ ሆነ፣ አውቶሞቢሉ በካርቶን ተሞልቶ ለሌላ ሰው ይሸጣል፤ እንዲህ ተፈትተው የሚሸጡትም ጥቂቶች አይደሉም። ስለዚህ የወር ወጪው አስቀድሞ ከሚስት ጋር ይወሰን። የሚፈታውም ዕቃ ሁሉ ከመፈታቱ በፊት በስልክ ፎቶግራፍ ይነሣ፤ ብሎኖቹም በየከረጢቱ ገብተው ስማቸው ይጻፍባቸው።

አውቶሞቢሉ መንገድ ከወጣና ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ ባለቤቱ ደብተሩን ይዞ ወደ በሩ ይመለሳል፤ ክፍተቱንም ከላይ፣ ከመካከልና ከታች ይለካል። በመጀመሪያው ገጽ ሥራውን ሲጀምር ከጻፈው ቁጥር ጋር ያስተያየዋል። ሚሊ ሜትሩ ካልተለወጠ ብረቱ ይዟል። ያን ጊዜ ቁልፉን ለባለቤቱ ይሰጣታል፤ እርሱም በጎን ተቀምጦ አብሯት ይሄዳል።