ፀረ አረም ሲቀላቀል የሚደፈርሰው ለምንድን ነው?

በመተማ፣ በቋራና በሌሎች ቆላማ ወረዳዎች የሰሊጥና የማሽላ አረም ጊዜ አይሰጥም። ሥራን ለማቃለል ፀረ አረምን ከማዳበሪያ ወይም ከሌላ ነገር ጋር ቀላቅሎ መርጨት ያጓጓል። ድብልቁ ከደፈረሰ ግን መድኃኒቱም ጉልበቱም ሊባክን ይችላል።

በብዙ ፀረ አረሞች ውስጥ ጠብታው ቅጠል ላይ እንዲዘረጋ የሚያግዝ ሰርፋክታንት የተባለ ንጥረ ነገር አለ። ከዓይነቶቹ አንዱ ኤሌክትሪክ ሙል የሌለው ነው። ይህ ዓይነቱ አጋዥ የሚሟሟው ውኃን አጥብቆ በመያዝ ነው። ሙቀት ሲጨምር ይህ ትስስር ይላላል፤ አጋዡ ከውኃው ይለያል፤ ድብልቁም ይደፈርሳል። ይህ የሚሆንበት ሙቀት የመደፍረሻ ነጥብ ይባላል። በላቦራቶሪ የሚታወቀው ትራይተን ኤክስ-100 በንጹህ ውኃ ውስጥ የሚደፈርሰው በ65 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ነው።

ነጥቡ ግን እንደሚጨመረው ነገር ይለዋወጣል። የገበታ ጨው ዝቅ ያደርገዋል፤ አሞኒየም ሰልፌትና የፎስፌት ጨዎች ደግሞ ከገበታ ጨው በባሰ ያወርዱታል። ውኃውን ወደ ራሳቸው ስለሚስቡ ለአጋዡ የሚተርፈው ያንሳል። ዩሪያ በአንጻሩ ነጥቡን ከፍ ያደርገዋል። ይህ ማለት ግን ዩሪያ ይጨመር ማለት አይደለም፤ ሁለት ማዳበሪያዎች በአንድ መርጫ ውስጥ ተቃራኒ ውጤት እንደሚያመጡ ያሳያል እንጂ። ስለዚህ በገላጭ ጽሑፉ ላይ ያልተፈቀደ ነገር በግምት አይቀላቀልም።

ቅልቅል ከተፈቀደም አስቀድሞ በጠርሙስ መሞከር ይበጃል። ለ15 ሊትር መርጫ 150 ሚሊ ሊትር ከታዘዘ ለ1 ሊትር ውኃ 10 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ጓንት አድርጎ በሚያሳይ ጠርሙስ መቀላቀልና ግማሽ ሰዓት ማቆየት ነው። ዝቃጭ፣ እርጎ የመሰለ ነገር ወይም የተለየ የዘይት ንጣፍ ከታየ መርጫው ውስጥ አይግባ። ከውኃ ጋር ሲገናኙ እንደ ወተት የሚነጡ ፀረ ተባዮች መኖራቸውን ግን አንርሳ፤ የእነሱ ንጣት ጉድለት አይደለም።

ማከማቻም ትኩረት ይሻል። የፀረ ተባይ ጥራት ሲፈተሽ ናሙናው በ54 ዲግሪ ለ14 ቀናት የሚቆይበት ዓለም አቀፍ ዘዴ መኖሩ ሙቀት ምን ያህል እንደሚያሳስብ ይጠቁማል። ስለሆነም የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ቁጥጥር የምርቱን መመዝገብ ብቻ ሳይሆን፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተከማቸበትን ሁኔታም ሊያይ ይገባል። አርሶ አደሩም የተጠራጠረውን ድብልቅ ከመርጨቱ በፊት የልማት ጣቢያ ባለሙያውን ያማክር።