ለቅሶ ቀጠሮ አይሰጥም፦ በኤሌክትሪክ መኪና ከዋሽንግተን ቶሮንቶ

ስልኩ የተደወለው ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነው እንበል። ቶሮንቶ የምትኖር የአጎት ልጅ እናቷ አዲስ አበባ ላይ አርፈዋል፤ እሷ ገና አልሰማችም። ወዳጆቿ ተመካክረው መርዶውን ነገ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ሊነግሯት ቆርጠዋል። «ከሥጋ ዘመድ አንድ ሰው እንኳ አጠገቧ ይኑር» ይላሉ። ዋሽንግተንና አካባቢው ያለ ሐበሻ እንዲህ ያለ ስልክ ሲደርሰው ምን እንደሚያደርግ የታወቀ ነው። ጥቁር ልብስና ነጠላ ይያዛል፤ ሦስት አራት ሰው ተጠራርቶ አንድ መኪና ላይ ይሳፈራል፤ ቤንዚኑ በአምስት ደቂቃ ጢም ብሎ ይሞላል፤ ከዚያ ተራ በተራ እየተቀባበሉ ሲነዱ ያድራሉ። ስንት መርዶ፣ ስንት ሠርግ፣ ስንት የሐምሌ እግር ኳስ በዚህ ዓይነት ተደርሷል።

በር ላይ የቆመችው መኪና ቤንዚን የማትጠጣ ብትሆንስ?

ጥያቄው የቀልድ አይደለም። በታክሲና በኡበር የሚተዳደሩ ብዙ ወገኖች ቀስ በቀስ ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ዞረዋል። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ለአዲስ እስከ 7,500 ዶላር፣ ለተሸጠ እስከ 4,000 ዶላር ይሰጥ የነበረው የግብር ቅናሽ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 ዓ.ም. ቢያከትምም፣ ከዚያ በፊት የገዛው ገዝቷል። ከተማ ውስጥ ለሚሠራ ሰው መኪናዋ አትከፋም። ዘይት አይቀየርላትም፤ ፍሬን ቶሎ አትጨርስም፤ ቀይ መብራት ላይ ስትቆም ምንም አትበላም። ፈተናው የሚመጣው ከተማውን ለቅቃ ስትወጣ ነው።

ከዋሽንግተን እስከ ቶሮንቶ 480 ማይል ገደማ ነው፤ በኪሎ ሜትር 770 ያህል። ከአዲስ አበባ ጎንደር ካለው መንገድ ጥቂት ቢበልጥ ነው። በፍሬድሪክ ተወጥቶ በጌቲስበርግ አጠገብ ታልፎ ሀሪስበርግ ይደረሳል፤ ከዚያ የሰስኳሃናን ወንዝ ተከትሎ ወደ ዊሊያምስፖርት፣ ተራራ ለተራራ ወደ ኮርኒንግ፣ በመጨረሻም ወደ ቡፋሎ። ቡፋሎ ላይ እ.ኤ.አ. በ1927 ዓ.ም. የተከፈተው የሰላም ድልድይ ካናዳ ያሻግራል፤ ከድልድዩ ቶሮንቶ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል። መንገዱ ሳይቆሙ ከነዱት ስምንት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል የተነሣ የቤንዚን መኪና፣ ድንበር ላይ ብዙ ካልቆየ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይደርሳል ማለት ነው። ለ12 ሰዓቱ መርዶ ይበቃል። ጠባብ ነው፣ ግን ይበቃል።

የኤሌክትሪኳን ለመቁጠር መጀመሪያ የባትሪን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ባትሪ እንደ ቤንዚን ጋን እኩል እየፈሰሰ አይሞላም። የአንበሳ አውቶቡስን አስታውሱ። ባዶውን ሲመጣ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ዘው ብለው ገብተው ይቀመጣሉ፤ የመጨረሻዎቹ አሥር ሰዎች ግን እየተጋፉ፣ «ወደ ውስጥ ጠጋ በሉ!» እየተባለ፣ ከፊተኞቹ አርባ ሰዎች የበለጠ ጊዜ ይፈጃሉ። ባትሪም እንዲሁ ነው። ከ10 እስከ 80 በመቶ ለመሙላት ጥሩ መኪና በፈጣን ቻርጀር ላይ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ይበቃታል። ከ80 እስከ 100 ለማድረስ ግን ሌላ ያን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ስለዚህ ረጅም መንገድ የለመደ ሰው 80 ላይ ነቅሎ ይሄዳል፤ መቶ እስኪሞላ የሚጠብቅ አዲስ ገዢ ነው። ሲጀመር ብዙ ሰው በዚህ ይሳሳታል።

አሁን ሒሳቡ። አምራቹ «260 ማይል ትሄዳለች» ያላት መኪና በሀይዌይ ፍጥነት ያን አትሄድም። ፍጥነት ሲጨምር ነፋሱ ይከብዳል፤ 75 ማይል ላይ የሚነዳ ሰው 65 ላይ ከሚነዳው ይልቅ ብዙ ኃይል ይከፍላል። ስለዚህ ሙሉ ባትሪ ይዛ ብትነሣ 200 ማይል ያህል ሄዳ መቆም አለባት፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ከ10 እስከ 80 የሚሞላ 150 ማይል ያህል ይሰጣታል። ሁለት ጊዜ መቆም ነው፤ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ብንል አንድ ሰዓት። መርዶው 12 ሰዓት ላይ ከሆነ፣ ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ መድረስ ማለት ነው። ይህም ሁሉ ጣቢያው ቢሠራ፣ ወረፋ ባይኖር ነው።

መኪናዋ ሼቪ ቦልት ከሆነች ደግሞ ሌላ ነው። ቦልት በርካሽነቷ የታክሲ ሰው ወዳጅ ናት፤ ነገር ግን በፍጥነት የመቀበል አቅሟ ቢበዛ 55 ኪሎዋት ገደማ ስለሆነ አንዱ ማቆሚያ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ታስቀምጣለች። ከተማ ውስጥ ይህ ጉድለት አይታይም፤ ሌሊት ቤት ተሰክታ ታድራለችና። መንገድ ላይ ግን ሰው ሁሉ የቡና ቤቱ ወንበር ላይ ተኝቶ ሲጠብቅ ይታያል። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው «ስንት ማይል ትሄዳለች?» ብቻ ብሎ መጠየቁ አይበቃም፤ «በስንት ደቂቃ ትሞላለች?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ሻጮች ይህን ሁለተኛውን ካልተጠየቁ አይናገሩም።

ሶኬቱም አንድ ዓይነት አይደለም። ቴስላ የራሱ አለው፤ ሌሎቹ ሲሲኤስ የሚባለውን ለዓመታት ይዘው ቆይተዋል፤ የቀድሞዎቹ ኒሳን ሊፍ መኪናዎች ደግሞ ቻዴሞ የሚባለውን የጃፓን ሶኬት ይጠቀማሉ። እ.ኤ.አ. ከ2024 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙዎቹ የቴስላ ፈጣን ጣቢያዎች በመጀመሪያ ለፎርድ፣ ቀጥሎም ለጄኔራል ሞተርስና ለሌሎች ተከፍተዋል፤ አስማሚው ግን በእጅ መኖር አለበት። አስማሚ ቤት ረስቶ ፔንሲልቬኒያ ተራራ ላይ የደረሰ ሰው ጣቢያውን በዓይኑ እያየ አይጠቀምበትም። ቻዴሞ ያላት አሮጌ ሊፍ ለዚህ መንገድ ባትነሣ ይሻላል፤ ሶኬቷን የሚቀበል ጣቢያ እየተመናመነ ነው።

እስካሁን የተቆጠረው በግንቦትና በመስከረም አየር ነው። ክረምቱ ሲመጣ ሒሳቡ ይፈርሳል። የአሜሪካ አውቶሞቢል ማኅበር ትሪፕል ኤ እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. ባወጣው ሙከራ፣ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ብርድ ማሞቂያ ተከፍቶ ሲነዳ፣ የኤሌክትሪክ መኪኖች የሚሄዱት ርቀት በአማካይ በ41 በመቶ ቀንሷል። ከዚያ ወዲህ የመጡ ብዙ መኪናዎች ሙቀት የሚያዘዋውር የተሻለ ማሞቂያ ስላላቸው ያን ያህል ላይጎዱ ይችላሉ፤ መጎዳታቸው ግን አልቀረም። ሁለቱ ማቆሚያ ሦስት ወይም አራት ይሆናል። ቀዝቃዛ ባትሪ ደግሞ ኃይል ቶሎ አይቀበልም፤ ግማሽ ሰዓቱ ሃምሳ ደቂቃ ይሆናል። መድኃኒቱ ከመነሣት በፊት መኪናዋ ሶኬት ላይ እንዳለች ውስጧን ማሞቅ፣ መንገድ ላይ ከአየሩ ይልቅ የወንበሩን ማሞቂያ መጠቀም፣ የሚቀጥለውን ጣቢያ በራሷ በመኪናዋ ካርታ ላይ ማስገባት ነው። ይህን የምትችል መኪና ጣቢያው ከመድረሷ በፊት ባትሪዋን ታሞቃለች።

በክረምት ቡፋሎ አካባቢ 10 በመቶ ይዞ መድረስም ድፍረት ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 ዓ.ም. በገና ሰሞን ከተማይቱን የመታው የበረዶ ማዕበል በደርዘን የሚቆጠሩ ሰዎችን ገድሏል፤ ብዙ ሰው መኪናው ውስጥ ታግቶ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ቤንዚንም ይሁን ባትሪ ግማሽ ላይ ሳይወርድ መሙላት ነው የሚያዋጣው።

«ርካሽ ነው አይደል?» የሚሉ አሉ። እዚህ ላይ እውነቱን መነጋገር ይገባል። ለዚህ መንገድ 150 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ያስፈልጋል። ቤት ውስጥ ኪሎዋቱ በ17 ሳንቲም ቢሞላ 25 ዶላር ከ50 ነው፤ ሀይዌይ ላይ ግን ፈጣኑ ጣቢያ ብዙ ጊዜ ከ40 እስከ 60 ሳንቲም ያስከፍላል፤ በ50 ብንይዘው 75 ዶላር። በጋሎን 30 ማይል የምትሄድ የቤንዚን መኪና፣ ጋሎኑ 3 ዶላር ከ50 ቢሆን፣ 56 ዶላር ትጨርሳለች። ብዙ የታክሲ ሰው የሚነዳት፣ በጋሎን 50 ማይል የምትሄደው ቶዮታ ሃይብሪድ ደግሞ 34 ዶላር አይሞላባትም። እንግዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ትርፍ ያለው ቤት ውስጥ ካለው ሶኬት ላይ እንጂ ከሀይዌዩ ላይ አይደለም።

የነገሩ ሥር ያለውም እዚህ ነው። ቤቱ ጋራዥ ያለው ሰው መኪናው ሁልጊዜ ሞልታ ታድራለች። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ አፓርትመንት ተከራይቶ የሚኖር ግን፣ ቀኑን ሲሠራ ውሎ መኪናው 40 በመቶ ላይ ትሆናለች፤ ስልኩ ሲደወል ከ40 ነው የሚነሣው። ገና ከተማውን ሳይለቅ አንድ ማቆሚያ ጨመረ ማለት ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ኮንዶ ያለው ሰው በራሱ ማቆሚያ ላይ ሶኬት ማስገባት እንዲችል የሚረዳ ሕግ አላቸው፤ ለተከራይ ግን ያ ሕግ ብዙ አይረዳውም። አንድ ዓይነት መኪና የገዙ ሁለት ዘመዶች በዚህ ምክንያት ብቻ አንደኛው ለመርዶው ይደርሳል፤ ሌላኛው አይደርስም።

ድንበሩ የራሱ ጣጣ አለው። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 26 ቀን 2022 ዓ.ም. ጀምሮ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ካናዳ ለመግባት ካርዱን ብቻ ሳይሆን ያልቃጠለ የአገሩን ፓስፖርትም ማሳየት አለበት። በስደት የወጣ፣ ፓስፖርቱ ካበቃ ዓመታት ያለፉት ሰው ስንት ነው! ጉዳዩ ገና ያልተቋጨለት ደግሞ ከመነሣቱ በፊት ጠበቃ ሳይጠይቅ ድልድዩን አይሻገር፤ ለመርዶ ሄዶ ተመልሶ መግባት ያቃተው እንደሆነ ለቅሶው ሁለት ይሆናል። ስልኩም ቢሆን አሜሪካ ሳለ ይዘጋጅ። ብዙ ጣቢያዎች በስልክ ካልሆነ አይከፈቱም፤ ካናዳ ሲገባ መስመሩ የሚቋረጥበት ሰው ጣቢያው ፊት ለፊት ቆሞ ይቀራል። የባንክ ካርድ በቀጥታ የሚቀበለውን ጣቢያ አስቀድሞ ለይቶ መያዝ ይበጃል። እዚያ የሚቆጠረው በኪሎ ሜትር መሆኑንም አትርሱ፤ «100» የሚለውን የፍጥነት ሰሌዳ በማይል ያነበበ ፖሊስ ያገኘዋል።

አገር ቤት ያሉትም ይህን ወሬ በጉጉት ይጠይቃሉ። የኢትዮጵያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ፣ አዲስ አበባ ያለ ወንድም አሜሪካ ላለው እህቱ ሲደውል ስለ ባትሪ ነው የሚያወራው። እሱ በከተማው ይነዳታል፤ ጎንደር ስትባል ግን ዝም ይላል።

በዚህ መንገድ ከጣቢያ ይልቅ በሰው የታመነም አለ። ቪቤ ቫከር የሚባል ሆላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. ወደ ኤሌክትሪክ የተለወጠች አሮጌ ፎልክስዋገን ይዞ ከአገሩ ተነሣ። 33 አገሮችን አቋርጦ፣ 95,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቶ፣ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2019 ዓ.ም. አውስትራሊያ ሲድኒ ገባ። የቻለው በየመንገዱ ያገኛቸው ሰዎች ምግብ፣ መኝታና ሶኬት ስለሰጡት ነው። ለሐበሻ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ እንግዳ መቀበል ያውቅበታል። ሶኬት ማቅረብን ብቻ ነው ገና ያልለመደው።

ስለዚህ ቶሮንቶ ያሉት ወገኖች ከዋሽንግተን ሰው ሲመጣባቸው መኪናዋ ምን እንደምትጠጣ አስቀድመው ይጠይቁ። ተራው የግድግዳ ሶኬት በሰዓት ከ3 እስከ 5 ማይል ይሰጣል፤ በሦስት ቀን ለቅሶ ውስጥ ባትሪው ሞልቶ ይተርፋል። የልብስ ማድረቂያው ባለ 240 ቮልት ሶኬት ከተገኘማ በአንድ ሌሊት ያልቃል። ቀጭን ማራዘሚያ ገመድ ግን አይሁን፤ ይግላል፣ ቤት ያቃጥላል። ገመዱ በበሩ ሥር ሲያልፍ ለቀስተኛ እንዳያደናቅፍ ምንጣፍ ጣል ይደረግበታል።

ለዚያች ሌሊት ግን፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተደውሎ ንጋት 12 ሰዓት መድረስ ግድ ከሆነ፣ የኤሌክትሪክ መኪና ያለው ሰው ቀጥሎ የሚደውለው ሃይብሪድ ላለው ጓደኛው ነው። እናትየዋ ታመው ቆይተው ከሆነና ነገሩ ቀድሞ ከታሰበ፣ መኪናዋን በዋዜማው ቤት ሞልቶ፣ ከሰዓት በኋላ ተነሥቶ፣ ኮርኒንግ ላይ እራት እየበሉ መሙላት ይቻላል። ያን ጊዜ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ይደረሳል፤ ሰዎቹም መርዶው እስኪነገር ሁለት ሦስት ሰዓት ጋደም ብለው ይነሣሉ።