ሌሊት ለሚያቃጥል ጉልበት

ጉልበታቸውን አሟቸው ወደ ፋርማሲያችን ለሚመጡ እናቶች መድኃኒቱን ከመስጠቴ በፊት የማቀርበው ጥያቄ አለኝ፤ «እማማ፣ ሲራመዱ ብቻ ነው የሚያምዎት ወይስ ተኝተውም ያቃጥልዎታል?» ደረጃ ሲወርዱ ብሶ ሲያርፉ የሚበርድ ከሆነ የተለመደው የመገጣጠሚያ ሕመም ነው። ሌሊት የሚያቃጥል፣ የሚነዝር፣ አንሶላ ሲነካው እንኳ የሚቆጠቁጥ ከሆነ ግን ነርቭም ሳይገባበት አልቀረም። ልም አጥንቱ የሳሳ ጉልበት ለዓመታት ሲያም ከኖረ፣ ሕመም አስተላላፊው መስመር ራሱ ከልክ በላይ ንቁ ይሆናል። ዲክሎፌናክ ለእንዲህ ያለው ብዙም አይረዳም።

«ነርቭ ነው» ከተባለ በብዛት የሚታዘዘው ፕሪጋባሊን ወይም ጋባፔንቲን ነው። ሁለቱም ስኳር ለጎዳው ነርቭና አልማዝ ባለጭራ ትቶት ለሚሄደው ሕመም ተፈትነዋል፤ ለጉልበት ያለው ማስረጃ ግን ስስ ነው። በዚህ ረገድ ዱሎክሰቲን ይሻላል እላለሁ። የጉልበት ሕሙማን ላይ ተሞክሯል፤ አሜሪካም በ2010 እ.ኤ.አ. ለቆየ የጡንቻና የአጥንት ሕመም ፈቅዳዋለች። በ30 ሚሊግራም ተጀምሮ ወደ 60 ከፍ ይላል፤ ውጤቱን ለማየት ሳምንታት መታገሥ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ላይ ያቅለሸልሻል፣ የደም ግፊትም ሊጨምር ይችላል።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን መውደቅ ነው። ፕሪጋባሊን ያዞራል፣ እግር ያሳብጣል፤ ኩላሊት ከደከመ መጠኑ ካልተቀነሰ በሰውነት ውስጥ ይከማቻል። ሌሊት ለሽንት የሚነሱ እናት ዳሌያቸው ቢሰበር የጉልበቱ ሕመም ምኑ ነው? ርካሹ አሚትሪፕቲሊንም ለአረጋውያን ቀላል አይደለም፤ ያደነዝዛል፣ ሽንት ይይዛል፣ የልብ ምት ያዛባል።

ትራማዶል ከዱሎክሰቲን ጋር ከታዘዘ ሴሮቶኒን ከመጠን በላይ እንዳይጨምር፣ ከፕሪጋባሊን ጋር ከሆነ ደግሞ ትንፋሽ እንዳይደክም እየሰጋሁ ለሐኪሙ እደውላለሁ። «የነርቭ ቫይታሚን» መርፌ ለሚጠይቁኝም እጥረት ከሌለ ለዚህ ጉልበት ይረዳል ብዬ ገንዘባቸውን አላስወጣም፤ የጭን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ይሻላቸዋል።

ከሁሉም የምለምነው ተመልሰው እንዲመጡ ነው። በሁለት ወር ለውጥ ያላመጣን ክኒን ለዓመታት መዋጥ አይገባም፤ በድንገት ማቋረጥም ይጎዳልና ከሐኪም ጋር ተመካክሮ ቀስ በቀስ መቀነስ ነው።