ዓመተ ዓለምና የከዋክብት ዕድሜ

በ2018 ዓ.ም. የዘመን መለወጫ ዕለት፣ አፍንጮ በር ከሚኖሩ አንድ አረጋዊ መሪጌታ ቤት እንኳን አደረሰዎ ለማለት ገብተን ነበር። ቄጠማው ተጐዝጕዟል፤ ዳቦው ተቈርሷል፤ ቡናውም ሁለተኛው ላይ ደርሷል። መሪጌታ እንደ ልማዳቸው የልጅ ልጃቸውን ከአጠገባቸው አስቀምጠው ባሕረ ሐሳብ ያስቈጥሩታል። ልጁ የዐሥራ አምስት ዓመት ተማሪ ሲሆን በደብሩም በድቁና ያገለግላል።

«ዓመተ ኵነኔ ስንት ነው?»

«5500፣ አባባ።»

«ዓመተ ምሕረትስ?»

«2018። ድምሩ 7518 ዓመተ ዓለም።»

ይህን ለ4 ሲያካፍለው 1879 ደረሰና 2 ተረፈ፤ ሁለት ሲተርፍ ዘመኑ ዘመነ ማርቆስ ነው። ቀጥሎም 1879ኙን መጠነ ራብዒት በ7518 ላይ ደምሮ፣ የተገኘውን 9397 ለ7 ሲያካፍለው 3 ተረፈ፤ ሦስት ሲተርፍ መስከረም 1 ቀን ሐሙስ ይውላል። ዕለቱም ሐሙስ ነበረ። ሽማግሌው ደስ ብሏቸው «ተባረክ» አሉት።

ልጁ ግን እርሳሱን አላስቀመጠም። «አባባ፣ ይህ 7518 የዓለም ዕድሜ ነው?»

«ነው እንጂ፤ ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል?»

«ከትምህርት ቤት አምስት ኪሎ ወደሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ወስደውን ድንቅነሽን አይተናል። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው የሚሉት። ከሁለቱ አንዱ ውሸት ከሆነ እኔ የትኛውን ልያዝ? መቅደስ ስገባ ይህ ነገር ይከነክነኛል።»

ቡና የምትቀዳው እኅቱ ጀበናውን እንደያዘች ቀረች። የመሪጌታ ፊት ጠቈረ፤ ወደ እኛም ዘወር ብለው፣ «መምህር፣ እርስዎ ሁለቱንም ቤት ያውቁታል። ይንገሩት እስቲ» አሉን። እኛም በዚያ ሰዓት የተናገርነው ሁሉ የተምታታ ነበር። በራስ መኰንን ድልድይ በኩል ወደ ቤታችን ስንመለስ ሐፍረት ይዞን ነበርና፣ ያን ዕለት ልንለው ይገባን የነበረውን እነሆ ዛሬ እንጽፋለን። ይህ ጥያቄ በብዙ ክርስቲያን ቤት የሚነሣ መሆኑን እናውቃለንና።

አስቀድሞ 5500 የሚባለው ቍጥር ከወዴት እንደ መጣ እንመልከት። የአባቶች ትምህርት እንደሚነግረን፣ አዳም ከገነት በወጣ ጊዜ ከአምስት ቀን ተኩል በኋላ እንደሚድን ተስፋ ተሰጥቶት ነበር። ሊቃውንትም በነቢዩ ዳዊት መዝሙርና በሐዋርያው ጴጥሮስ ሁለተኛ መልእክት ተመርተው ቀኑን በሺሕ ዓመት መነዘሩት፤ አምስት ቀን ተኩልም 5500 ዓመት ሆነ። አንባቢ ልብ ይበል፤ «ቀን» ማለት ሁልጊዜ የ24 ሰዓት ቀን ብቻ አለመሆኑን ያስተማረን የዘመኑ ሳይንስ አይደለም። የገዛ ቍጥራችን በዚህ አተረጓጐም ላይ የቆመ ነው። የሚቈጥረውም ከውድቀት እስከ ድኅነት ያለውን የተስፋ ዘመን ነው።

ከቅዱሳት መጻሕፍት የትውልድ ሐረግ ዓመቱን የደመሩት ክርስቲያኖችም ቢሆኑ በአንድ ቍጥር አልተስማሙም። አዳም ሴትን ሲወልድ በግሪኩ መጽሐፍ የ230 ዓመት ሰው ነበረ፤ በዕብራይስጡ የ130 ዓመት ሰው ነበረ። የቍስጥንጥንያ ሰዎች ከልደት በፊት 5508 ዓመት ቈጠሩ፤ አይሁድ ደግሞ በዚሁ በያዝነው 2018 ዓ.ም. መስከረም የተቀበሉት አዲስ ዓመት 5786ኛው ነው። በዚህ ልዩነት ምክንያት ከሃይማኖት የወጣ ሰው አልነበረም። ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱ በስሙ የሚጠራው ቅዱስ ባስልዮስ ስለ ስድስቱ ቀናት ዘጠኝ ስብከት ሰብኳል፤ በመጨረሻውም ሙሴ የምድርን ዙሪያ ልክ ያልጻፈው ለነፍሳችን የሚጠቅም ስላልሆነ ነው ብሎ አስተምሯል። ይህን ያለው በአራተኛው መቶ ዓመት ነው!

አሁን ደግሞ ወደ ድንቅነሽ እንመለስ። አጥንቷ በአፋር ምድር፣ ሐዳር በተባለ ስፍራ፣ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ተገኘ። ዕድሜው የታወቀው በግምት አይደለም። በዚያ አገር ከእሳተ ገሞራ የወጣ አመድ በየጊዜው ተነጥፏል። በአመዱ ውስጥ ፖታሲየም የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ከእርሱም አንዱ ዐይነት ቀስ በቀስ ወደ አርጎን ጋዝ ይለወጣል። ድንጋዩ ቀልጦ ሳለ አርጎኑ ተንኖ ይጠፋል፤ ሲቀዘቅዝ ግን እንደ ገና መጠራቀም ይጀምራል። ከሚያንጠባጥብ እንስራ ሥር ማሰሮ ያስቀመጠች እናት የተጠራቀመውን ውኃ አይታ ስንት ሰዓት እንዳለፈ ለማወቅ እንደምትችል ያለ ነው። እንዲሁ ባለ ዘዴ የምድር ዕድሜ 4.5 ቢሊዮን ዓመት ያህል ሆኖ ተገኝቷል።

የፍጥረተ ዓለሙ ዕድሜ የሚለካው ደግሞ በሰማይ ነው። ብርሃን በአንድ ሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል፤ እንዲህም እየሮጠ አንድሮሜዳ ከሚባለው የከዋክብት ክምችት እኛ ዘንድ ለመድረስ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ይፈጅበታል። (አንድሮሜዳ በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት፤ ይህን ለተማሪዎች ስንነግራቸው በጣም ደስ ይላቸዋል።) የሩቆቹ የከዋክብት ክምችቶች እርስ በርሳቸው እየተራራቁ መሄዳቸው ታውቋል፤ ወደ ኋላ ቢሰላ ሁሉም ከ13.8 ቢሊዮን ዓመት በፊት ከአንድ ጅማሬ ይነሣል። ይህን ሐሳብ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1927 እና በ1931 ያቀረቡት ዦርዥ ሌሜትር የሚባሉ የቤልጅግ ካቶሊክ ካህን ናቸው። በ1951 የሮማው ጳጳስ ፒዮስ 12ኛ ይህን ትምህርት የመጽሐፍ ቅዱስ ማረጋገጫ አድርገው ሲናገሩ፣ ሌሜትር ነገሩን አልወደዱትም።

እኛም ከካህኑ ጋር ነን። አንዳንድ ወንድሞች ስድስቱን ቀናት በቢሊዮን እየመነዘሩ ከሳይንሱ ጋር ለማጋጠም ይደክማሉ። ዳሩ ግን የሳይንስ ቍጥር ይታረማል። በ1929 የተገኘው ልኬት ለፍጥረተ ዓለሙ 2 ቢሊዮን ዓመት ያህል ብቻ ሲሰጠው፣ ምድር ከሰማይ ትበልጥ ኖሯልን ተብሎ ነበር! በዚያ ቍጥር ላይ ሃይማኖቱን የመሠረተ ሰው ምን ሊል ነው? በሌላው ወገን ደግሞ ሳይንሱን ሁሉ ሐሰት ነው የሚለው ሰው፣ ሲታመም ሐኪም ቤት ሄዶ በራጅ መታየቱን አይተውም።

የአዳምና የድንቅነሽ ነገር ከዘመን ቍጥር የከበደ ሌላ ጥያቄ ነው፤ ለብቻው ሊጻፍበት ይገባል። በዚያ ቤት ልጁን የከነከነው ግን ቍጥሩ ነበረና፣ በተከታዩ እሑድ ወረቀት ይዘን ተመለስን።

«የባሕረ ሐሳብ ዐቢይ ቀመር ስንት ነው?» አልነው።

«532። 28 በ19።»

«በ7518 ላይ ጨምረው።»

8050 ሆነ። ለ4 ሲካፈል 2 ተረፈ፤ ማርቆስ። 2012 ተደምሮበት ለ7 ሲካፈል 3 ተረፈ፤ ሐሙስ። ልጁ ቀና ብሎ አየን። «አበቅቴውም መጥቁም እንዲሁ አይለወጥም» አልነው፤ «532 ለ19 ያለ ትርፍ ይካፈላልና። የፈለግኸውን ያህል ዐቢይ ቀመር ብትጨምር ጾሙም በዓሉም ከቦታው አይነቃነቅም።» ያን ጊዜ በራሱ ፈቃድ 26 ሚሊዮንን በ532 አባዛና ቍጥሩን ለአያቱ አሳየ፤ 13,832,000,000።

መሪጌታ መነጽራቸውን አድርገው ዜሮዎቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ቈጠሩ። ብዙ ዝም ብለው ከቈዩ በኋላ፣ «ያች የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ያላችኋት በየት በኩል ናት?» ሲሉ ጠየቁ።

ጀንበር ጠልቃ ስለ ነበር ወደ ደጅ ወጣን። የከተማው መብራት ሰማዩን አደብዝዞታል፤ ደመናውም ገና አልጠራም። ልጁ ወደ ሰሜን ምሥራቅ በእጁ አመለከተ። «ከዚህ አትታይም፣ አባባ። ጥቅምት ሲገባ ሰማዩ ይጠራል፤ እንጦጦ ብንወጣ ግን ያለ መሣሪያ በዐይን ትታያለች።»

«ጋቢዬን ታመጣለህ» አሉት።