ሆርሞንን የሚያውኩ ፀረ-ተባይ ኬሚካሎች በጤና ላይ የሚያስከትሉት ጉዳት
(ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት)

መግቢያ
የፀረ-ተባይ መርዝ ጉዳት ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው ወዲያው የሚታየው፣ ይኸውም ራስ ምታት፣ ማስታወክና መንቀጥቀጥ ነው። ነገር ግን በርጭቱ ዕለት ምንም ሕመም ሳያሳዩ ከዓመታት በኋላ ጉዳታቸው የሚገለጥ ኬሚካሎች አሉ። ስለዚህ «ረጭቼ አልታመምኩም» ማለት ማረጋገጫ አይሆንም።

ሆርሞን ምንድን ነው?
ሆርሞን ከሰውነት ዕጢዎች የሚመነጭና በደም ተሰራጭቶ ዕድገትንና መራባትን የሚቆጣጠር ንጥረ ነገር ነው። ሥራውን የሚያከናውነው በጣም በጥቂት መጠን ነው። አንዳንድ ኬሚካሎች ሆርሞንን በመምሰል ወይም ሥራውን በማገድ ይህን ሥርዓት ያውካሉ። የፅንስ አካል የሚቀረጸው በሆርሞን እየተመራ ስለሆነ፣ ከሁሉ ይበልጥ የሚጎዱት ፅንስና ሕፃናት ናቸው።

የዲ.ዲ.ቲ. ምሳሌ
ዲ.ዲ.ቲ. በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቆያል፤ በሰውና በእንስሳት ስብ ውስጥም ይከማቻል። ወደ ሌላ ንጥረ ነገር ሲለወጥ የወንድ ሆርሞንን ሥራ ያግዳል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ የካሊፎርኒያ ጥናት እንዳመለከተው፣ ዕድሜያቸው 14 ዓመት ሳይሞላ ለዲ.ዲ.ቲ. ይበልጥ የተጋለጡ ሴቶች ኋላ በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ያለ ነበር።

በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት በጅማ፣ በሰርቦና በአሰንዳቦ ከተሞች በእናት ጡትና በላም ወተት ውስጥ የዲ.ዲ.ቲ. ቅሪት መኖሩን አሳይቷል። ሆኖም የጡት ወተት ጥቅም ስለሚያመዝን እናቶች ማጥባት ማቆም የለባቸውም። መቆም ያለበት የመርዙ አጠቃቀም ነው።

እ.ኤ.አ. በ2001 የተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነት ዲ.ዲ.ቲ. በሽታ አስተላላፊ ነፍሳትን ለመከላከል ብቻ እንዲውል ገድቧል። ለሰብል፣ ለጫትም ሆነ ለጎተራ እህል ማዋል ክልክል ነው። ለጥጥ ተባይ ይረጭ የነበረው ኢንዶሰልፋንም ሆርሞንን ስለሚያውክ ብቻ ሳይሆን በአካባቢ ስለሚከማችም እ.ኤ.አ. በ2011 በስምምነቱ ውስጥ ተካቷል።

መደረግ ያለባቸው ጥንቃቄዎች
ሀ. ማኅበሩ መለያ ጽሑፍ የሌለውን ወይም በሌላ ዕቃ የተገለበጠ መድኃኒት አይግዛ፤ ለአባላትም አያከፋፍል።
ለ. ነፍሰ ጡርና የምታጠባ ሴት እንዲሁም ሕፃናት መድኃኒት አይበጥብጡ፤ በርጭት ጊዜም በማሳው አይገኙ።
ሐ. የርጭት ልብስ ከቤተሰብ ልብስ ጋር አይታጠብ።
መ. ባዶ ጀሪካን ለውኃ፣ ለዘይት ወይም ለጠላ አይዋል፤ ሦስት ጊዜ ታጥቦና ተበስቶ በተከለለ ቦታ ይቀመጥ። እጣቢው ወደ መርጫው ይመለስ እንጂ ወደ ወንዝ አይደፋ።
ሠ. ከርጭት እስከ አጨዳ ሊቆይ የሚገባው ቀን ይጠበቅ።
ረ. ጊዜው ያለፈበት ወይም የታገደ መድኃኒት በመጋዘን ከተገኘ አይቀበር፣ አይቃጠል፤ ተቆልፎበት ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ይገለጽ።

የልማት ሠራተኛው ይህን ለወንዶች ብቻ ሳይሆን ልብሱን ለሚያጥቡትና ዕቃውን ለሚይዙት ሴቶችም ማስረዳት ይኖርበታል።