ያውቁ ኖሯል? አያት ፍለጋ ከጉዱማሌ እስከ ደብሊን

ሐዋሳ ከተማና የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ እኩያሞች መሆናቸውን ያውቁ ኖሯል? ሁለቱም የ1952 ዓ.ም. ልጆች ናቸው! ከተማዋን ሐይቁ ዳር የቆረቆሯት ራስ መንገሻ ሥዩም፣ ሕጉን ያረቀቁት ደግሞ ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ነበሩ።

ይህ ሕግ 3,367 አንቀጾች አሉት። ልደት፣ ጋብቻና ሞት በመዝገብ እንዲሰፍሩ በዝርዝር ይደነግጋል። መጨረሻው አካባቢ ግን ምን ቢል ጥሩ ነው? የመዝገቡ ጉዳይ በነጋሪት ጋዜጣ ትእዛዝ እስኪወጣ ይቆይ! ቆየም!

ስንት ዓመት ቢቆይ ጥሩ ነው? 56! የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ሕጉ በወጣ ዓመት የተወለደ ሕፃን፣ መዝገቡ ሲከፈት የልጅ ልጅ ሊያቅፍ ይችል ነበር!

እስከዚያው የብዙ ሰው የልደት ማስረጃ ምን ነበር? የሽማግሌ ቃል! በሲዳማ ዘመን መለወጫ በዓል በፍቼ ጨምበላላ የጎሳ መሪዎች ሕዝቡን ከሚመክሯቸው ነገሮች አንዱ በሐሰት አለመመስከር ነው። ወረቀት በሌለበት አገር ይህ ምክር ምን ያህል እንደሚመዝን ያስቡት!

በዓሉ በየዓመቱ ሕዝቡን ወደ ሐዋሳው ጉዱማሌ አደባባይ ያጎርፋል። ቀኑን የሚቆርጡት ግን ከዋክብትን የሚያነብቡት አያንቶዎች ናቸው! ስለዚህ አያትዎ «የተወለድኩት በፍቼ ዕለት ነው» ካሉዎት ገና አልጨረሱም። የየትኛው ዓመት ፍቼ? ቀኑ እንደሆነ በየዓመቱ ይለያያል!

የሲዳማ ሳምንት ደግሞ አራት ቀን ብቻ ነው! ዲኮ፣ ዴላ፣ ቃዋዶ፣ ቃዋላንካ፤ አለቀ!

ሌላም አለ። በሲዳማ የትውልድ ሥርዓት፣ በሉዋ፣ አምስት እርከኖች በየተራ ይፈራረቃሉ፦ ዳራራ፣ ፉላሳ፣ ሂርቦራ፣ ዋዋሳ፣ ሞጊሳ። አንዱ ለሌላው የሚለቀው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ነው። አንድ አዛውንት የየትኛው ሉዋ እንደሆኑ ሲነግሩዎት ትውልዳቸውንም ነገሩዎት ማለት ነው። ያለ ማኅተም፣ ያለ ቴምብር!

የበዓሉ መነሻስ? በአፈ ታሪክ ፍቼ ሴት ናት! ካገባች በኋላ በየዓመቱ ቡሪሳሜ ይዛ ወላጆቿን የምትጠይቅ ሴት። ከቆጮ፣ ከወተትና ከቅቤ የሚሠራውን ያንን ምግብ ከጎረቤት ጋር ይቋደሱት ነበር። ዘር በአባት ስም ብቻ ይቆጠራል ብለው ለሚያስቡ ይህን ይንገሯቸው፦ አንድ ሕዝብ ዓመቱን የሚጀምረው አንዲት ሴት ወደ ወላጆቿ ቤት ያደረገችውን ጉዞ እያስታወሰ ነው! ዩኔስኮም በዓሉን እ.ኤ.አ. በ2015 መዝግቦታል።

ጎጃም ደግሞ ይሂዱ። እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ አያት መቁጠር መሬት ያስገኝ ነበር! ርስት የሚጠየቀው በእናትም በአባትም ወደ ላይ እየቆጠሩ፣ መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው አባት ላይ በመድረስ ነው። አንድ ስም የዘነጋ ሰው አንድ ማሳ ሊያጣ ይችላል!

የቤተ ክርስቲያን መዝገብ አገኘሁ ብለው አይቸኩሉ! ወንዱ በ40 ቀን፣ ሴቷ በ80 ቀን ሲጠመቁ የሚሰጣቸው የክርስትና ስም ነው። ጎረቤት ሁሉ የሚያውቀውን ስም ቢፈልጉ መዝገቡ ሌላ ሰው ሊያሳይዎት ይችላል!

ወረቀት ያጣነው እኛ ብቻ መስሎዎት ነበር? አየርላንድን ይዩ! የሁሉንም ሰው ልደት በመንግሥት መዝገብ መጻፍ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1864 ነው። በ1909 ለ70 ዓመት አዛውንቶች ጡረታ መክፈል ሲጀመር የልደት ወረቀት ያለው ሽማግሌ ከየት ይምጣ? ታዲያ ምን ተጠየቀ? በጥር 1839 አገሩን የገለባበጠውን የታላቁን ነፋስ ሌሊት ያስታውሳሉ ወይ? የሚያስታውስ ጡረታውን ያገኛል! ያን ሌሊት ድንች በእጄ ይዤ እስክበላ ደርሼ ነበር ማለት የታወቀ መልስ ሆነ። በእኛም አገር «በኅዳር በሽታ ጊዜ ጡት አልጣልኩም ነበር» ያሉ አያት 1911 ዓ.ም.ን ነገሩን፤ «ጣሊያን ሲገባ እረኛ ነበርኩ» ያሉም 1928 ዓ.ም.ን! የአየርላንዱ የጡረታ ጸሐፊ ከእኛ ቀበሌ ቢመደብ ሥራው አይከብደውም ነበር!

ደብሊን የነበረው የአየርላንድ ቤተ መዛግብት እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 1922 በእርስ በርስ ጦርነቱ ወደመ። ለዘመናት የተጠራቀመ ወረቀት በአንድ ቀን አመድ! ዛሬ ሙሉ ሆነው የሚገኙት ቀደምት የሕዝብ ቆጠራዎች የ1901 እና የ1911 ናቸው።

ስለዚህ የአየርላንድ ዘር ፈላጊዎች ወደ አሜሪካ የዜግነት ፋይሎች ይሮጣሉ። እዚያ ምን ያገኛሉ? ከ1906 በፊት በተጻፉት ብዙ ጊዜ መንደር የለም፣ ቀበሌ የለም! አመልካቹ የእንግሊዝን ንግሥት መካዱ ግን ተጽፏል!

በኒው ዮርኩ የስደተኞች መቀበያ በኤሊስ ደሴት እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1892 የመጀመሪያዋ ገቢ የኮርክ ልጅ አኒ ሙር ነበረች። ለብዙ ዓመታት ግን ክብሩን ያገኘችው ሌላ አኒ ሙር ናት፤ የቴክሳሷ! እውነተኛዋ ከኒው ዮርክ ወጥታ እንዳልኖረች የታወቀው በ2006 ነው። ፍለጋውን ከረዱት ወረቀቶች አንዱ የወንድሟ የፊሊፕ የዜግነት ሰነድ ነው! አንድ ወንድም ዜግነት ስላመለከተ አንዲት እህት ከመቶ ዓመት በኋላ ስሟ ተመለሰላት!

የኬንያዊው ልጅ ባራክ ኦባማስ? በእናታቸው በኩል አየርላንዳዊ ናቸው! የቅድመ አያታቸው አያት ፋልመዝ ኪርኒ ከመኒጎል መንደር የወጡት እ.ኤ.አ. በ1850 ነው። ኦባማ በ2011 መንደሯን ሄደው ጎበኟት!

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ የዜግነት ሕግ የወጣው ሐምሌ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ፣ ደርግ መጣ፣ ደርግ ሄደ፤ ሕጉ እስከ 1996 ዓ.ም. ኖረ!

በዚያ ሕግ የውጭ አገር ሴት ኢትዮጵያዊ ካገባች ኢትዮጵያዊት ትሆናለች! ኢትዮጵያዊቷ የውጭ ሰው ስታገባስ? የባሏን ዜግነት ካገኘች የራሷን ታጣለች! አሜሪካም ይህን የመሰለ ሕግ ነበራት፤ መተው የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1922 ነው። የሴት አያትን ፍለጋ አድካሚ የሚያደርገው አንዱ ይኸው ነው!

የኢትዮጵያው የ1922 ዓ.ም. ሕግ ዜግነት ፈላጊው አማርኛ እንዲያውቅ ያስገድድ ነበር። የ1996ቱ አዋጅ ቁጥር 378ስ? ከአገሪቱ ብሔረሰቦች ቋንቋዎች በአንዱ መግባባት ይበቃል! በሲዳምኛ መግባባት የቻለ የሐዋሳ ነዋሪ የቋንቋውን መስፈርት አለፈ ማለት ነው። አራት ዓመት መኖር ግን ይጠበቅበታል!

ስደተኛ አያት የአሜሪካ ብቻ ይመስልዎታል? እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችን አመጡ። «አርባ ልጆች» ተባሉ! አብሯቸው የመጣው ኬቮርክ ናልባንዲያን የኢትዮጵያን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። መዝሙራችን እስከ አብዮቱ ድረስ የስደተኛ ድርሰት ነበር!

ከሐዋሳ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነዱ እንበል። ሻሸመኔ! ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1948 ለጥቁር ሕዝቦች የሰጡት አምስት ጋሻ መሬት እዚያ ነው። ከካሪቢያን የመጡት ራስተፈሪያን ልጆች ወለዱ፣ የልጅ ልጅ አዩ። የመኖሪያ መታወቂያ እንዲያገኙ የተወሰነው ግን በ2009 ዓ.ም. ነው!

ውጭ አገር የተወለዱ ነዎት? ቅድመ አያትዎ ጠቃሚ ሰው ናቸው! ቢጫ ካርድ የሚያሰጠው አዋጅ ቁጥር 270 ከወላጅ፣ ከአያት ወይም ከቅድመ አያት አንዱ ኢትዮጵያዊ ከነበረ በቂ ነው ይላል። የኤርትራን ዜግነት ለወሰዱት ግን አይሠራም!

ዋሽንግተን ያለ የሐበሻ ቤተሰብ ደብዳቤ ሳጥን ላይ ሦስት «የቤተሰብ ስም» ሊነበብ ይችላል፤ የባል፣ የሚስት፣ የልጅ! ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጣውን ዘር ፈላጊ አያድርግዎት!

የአባት ስምዎንና የአያት ስምዎን ፓስፖርትዎ ይነግርዎታል። የአያትዎን እናት ስም የሚነግርዎ ወረቀት ግን የለም። የሚያውቅ ሽማግሌ ካለዎት ዛሬውኑ ይደውሉ! ቤትዎ ጨቅላ ካለም ልደቱን ለማስመዝገብ ሕጉ የሰጠዎት 90 ቀን ነው። ስንተኛው ላይ ነዎት?