ከጠገብን በኋላ የሚያስበላን ምንድን ነው?

ከግብዣ ላይ በልተን ጠግበን፥ እጃችንን ታጥበን ካበቃን በኋላ ጣፋጭ ነገር ሲቀርብ እንደ ገና እጃችንን እንዘረጋለን። ይህ ራብ አለመሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ሊቃውንት ከሚሰጡት መልስ አንዱ ወደ ሞርፊን የሚያመራ ስለ ሆነ አንባቢዎቻችን ሳይደነቁ አይቀሩም።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1973 ዓ.ም. ካንዳስ ፐርትና ሶሎሞን ስናይደር፥ ባልቲሞር በሚገኘው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ፥ ሞርፊን የሚያርፍበት ተቀባይ በአንጎል ውስጥ መኖሩን አሳዩ። አንጎል ግን ይህን በር ለሐኪም መርፌ ብሎ አላበጀውም፤ የራሱ እንግዳ አለው። በ1975 ዓ.ም. በስኮትላንድ አገር በአበርዲን ከተማ ጆን ሂዩዝና ሀንስ ኮስተርሊትዝ ከአሳማ አንጎል ውስጥ ኤንኬፋሊን የተባለውን የተፈጥሮ ቅመም አገኙ።

ይህ ቅመም ሕመም ከማስታገሡም በላይ በምግብ ነገር ይገባል። ናሎክሶን የተባለው መድኃኒት ተቀባዩን ሲዘጋው አይጦች የሚበሉት ይቀንሳል። በአንጻሩ ሞርፊን መሰል መድኃኒት ኑክሊየስ አከምበንስ በሚባለው የአንጎል ክፍል ሲጨመር፥ የጠገበች አይጥ እንኳ ተመልሳ ትበላለች፤ ይልቁንም ስቡንና ጣፋጩን ትመርጣለች። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ኬንት ቤሪጅና ባልደረቦቹ በዚሁ ክፍል ውስጥ አንዲት ትንሽ ሥፍራ ለይተዋል፤ መጠንዋ ከአንድ ኪዩቢክ ሚሊሜትር እምብዛም አይበልጥም። እርስዋ ስትነቃ አይጥዋ ስኳር ቀምሳ ከንፈርዋን የምትልሰው እየበዛ ይሄዳል። እንግዲህ መጣፈጥ ማለት በምላስ ብቻ የሚያልቅ ነገር አይደለም።

ወፍራም ሰው ባየን ቍጥር «ሆዳም» ማለት ልማድ ሆኖብናል። እኛ ግን ይህን ስድብ አንወደውም፤ የሰው ፈቃድ ከእንዲህ ያለ ቅመም ጋር እንደሚታገል ካወቅን በኋላማ ይብሱን ጠላነው።

ታዲያ በሩን መዝጋት ያከሳል ወይ? ናልትሬክሶን የተባለው መድኃኒት ብቻውን ለሰው ሲሰጥ የተገኘው ውጤት ትንሽ ነበር። ቡፕሮፒዮን ከሚባለው ጋር ተቀላቅሎ ሲሰጥ ግን ተሻለ፤ በ2010 ዓ.ም. በታተመው ምርመራ፥ በ56 ሳምንት ውስጥ መድኃኒቱን የወሰዱት በአማካይ ከክብደታቸው 6.1 በመቶ ሲቀንሱ፥ ባዶ ክኒን የዋጡት 1.3 በመቶ ቀነሱ። መቶ ኪሎ ለሚመዝን ሰው ስድስት ኪሎ ያህል መሆኑ ነው። አሜሪካ በ2014 ዓ.ም. ቅልቅሉን ፈቀደች። ይሁን እንጂ ብዙዎችን ያቅለሸልሻል፤ የደም ግፊትም ሊጨምር ይችላል። ለጽኑ ሕመም ሞርፊንን የመሰለ ማስታገሻ ዘወትር የሚወስድ ሰውም ከቶ ሊነካው አይገባም፤ የጣፋጩ በር ሲዘጋ የማስታገሻውም በር አብሮ ይዘጋልና።